አባትህን ትጦራለህ ወይ?

መንገድ ላይ የሚገጥመውን ጓደኛ ማንም አይመርጥም። እኔ በዚያን ዕለት ማለዳ ከሂሜቶስ ተራራ ጀርባ ካለው መንደራችን ወደ አቴና ስወርድ ብቻዬን ብጓዝ ደስ ይለኝ ነበር፤ በልቤ ንግግር እያሰናዳሁ ነበርና። ጎረቤቴ ፋንያስ በባቄላ ዕጣ ለአምስት መቶዎቹ ሸንጎ ወጥቶለታል። ረፋድ ላይ በሸንጎው ፊት ቆሞ ሊመረመር ነው፤ ምስክር አድርጎ የጠራውም እኔን ነው። ስሜ ዴክስዮስ ነው፤ የመንደሩን ልጆች ፊደል አስተምራለሁ። አስተማሪ ደግሞ ሁለት ቃል ተናገር ሲሉት ሃያ ማዘጋጀት ልማዱ ነው።

ምንጩ ዘንድ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ጠፍር ሲያጠብቁ አየሁ። የክት ካባቸውን ለብሰዋል፤ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ቀረብ ብዬ ሳይ የፋንያስ አባት ሜላንቶስ ናቸው። እኚህ ሰው ከተማ ከወረዱ አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ ሳያቸው በጣም ደስ አለኝ፤ የልጃቸውን ክብር ለማየት የተነሱ መሰለኝ።

«እንዴት አደሩ፣ አያ ሜላንቶስ? እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳቸው።

«ደህና አደርኩ። ደስታውን ለራስህ ያዘው።»

«ፋንያስ ሲሾም ሊያዩ ነው የሚወርዱት?»

«ልከሰው ነው የምወርደው» አሉኝ፤ ውሃ ልቀዳ ነው የሚሉ ያህል ቀለል አድርገው።

በእኛ አገር ለሹመት የቀረበ ሰው ጥያቄዎቹን መልሶ ሲጨርስ፣ አዋጅ ነጋሪው ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ይህን ሰው የሚከስ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ማንም ዜጋ ተነስቶ መክሰስ ይችላል። አያ ሜላንቶስ ያሰቡት ያኔ ተነስተው «ልጄ አይጦረኝም» ለማለት ነው።

«ይጦርዎታል እኮ» አልኩ፤ «ባለፈው ክረምት ታመው ሲተኙ አዝሎ የሚያወጣዎ፣ አዝሎ የሚያስገባዎ ማን ነበር?»

«እሱ ነበር፤ አልካድኩም። ያለፈው አልፏል። የሚመጣውን ዓመት ግን ሸንጎ ሊውል ነው። ሸንጎ የሚውል ሰው ቤቱ አይውልም፤ ቤቱ ያልዋለ ልጅ አባቱን አይጦርም። እንግዲህ አይጦረኝም ብል የቱ ላይ ዋሸሁ?»

ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

«ደግሞም» ቀጠሉ እየተነሱ፤ «ከሰስኩት ማለት ገደልኩት ማለት አይደለም። ሂድ ወደ ወይራህ ብለው ይመልሱልኛል። እኔም የምሻው ይህንኑ ነው።»

ጉዳዩ ከባድ መሆኑ ገባኝ። ሰውየው የጨበጡት ነገር ምን ያህል እንደሚቆርጥ አላወቁም። ግን ከተማ እስክንደርስ የሦስት ሰዓት መንገድ አለን፤ እኔም በምላሴ እተማመን ነበር። ጎን ለጎን ሆነን ተነሳን።

«ባቄላ» አሉ ጥቂት ከሄድን በኋላ፤ ቃሉን በአፋቸው እያላመጡት። «ባቄላ ቀቅለው የሚበሉት ነገር ነው። በአያቴ ጊዜ ሹም የሚሆነው አባቱ የታወቀ፣ ፈረስ በደጁ የቆመ ሰው ነበር። ዛሬ ከማሰሮ ውስጥ ነጭ ባቄላ የወጣለት ሁሉ ሹም ነው። እኔ ፍየሌን የሚጠብቅ እረኛ እንኳ በዕጣ አልመርጥም።»

«ፍየሉ ባለቤት አለው፤ እርስዎ ነዎት። ከተማው ግን የማን ነው? የጥንቱ ነገር እኮ ከፍየሎቹ አንዱ ተነስቶ ‹እኔ ከእናንተ የተሻልኩ ፍየል ነኝና ልጠብቃችሁ› እንዳለ ዓይነት ነው።»

«እና አሁን ፍየሎቹ ሁሉ ተራ በተራ እረኛ ሆኑ በለኛ።»

«ሆኑ። ተራ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ዛሬ የሚያዝ ሰው ነገ እንደሚታዘዝ ካወቀ ዱላውን ቀስ አድርጎ ያነሳል።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አሉና ርምጃቸውን ፈጠን አደረጉት። እኔ አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ ጢሜም ሸብቷል፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ።

«እሺ፣ ልጅ ልሁን» አልኩ። «ልጅ የሰማውን ይናገራል። አሁን የተነሳንበት ምንጭ በአያትዎ ጊዜ በትልቁ ቤት ግንብ ውስጥ ታጥሮ አልነበረም? ሴቶቻችን አንድ እንስራ ውሃ ለመቅዳት ደጅ ሲጠኑ አልነበረም? የመንደሩ ዳኛ ማን ነበር? የዚያው ቤት ጌታ። ታዲያ በማን ላይ፣ ለማን አቤት ይባላል? ያንን ግንብ ያስፈረሰው ሕዝቡ ነው። ነገሩን ለሕዝቡ ያቀረበውም ሸንጎው፣ ለሸንጎው የነገረውም ባቄላ የወጣለት የመንደራችን ሸማኔ ነው።»

 «ሸማኔው ደህና ሰው ነበር» አሉ። «ግን ሁሉ እንደሱ ነው? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ፤ ከተማውም ሰምቷል። ለዚህ ነው ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ሹም ‹ምን ሠራህ?› ተብሎ የሚመረመረው። ምርመራውን ሳይጨርስ ከአገር መውጣት አይችልም፤ ለአማልክት ስለት እንኳ ማስገባት አይፈቀድለትም። እኛ ሰውን አይደለም የምናምነው፣ አያ ሜላንቶስ። የምናምነው ጥያቄን ነው። ሲገባ ይጠየቃል፤ ሲወጣ ይጠየቃል።»

«ዓመቱ ሲያልቅም ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ ትላላችሁ» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። በዚያች ሰዓት የረታኋቸው መስሎኝ ነበር። ሰው ሲስቅ የተረታ የሚመስለን እኛ አስተማሪዎች ነን።

ኮረብታውን ስንጨርስ አረፍ አልንና የገብስ ቂጣና የደረቀ በለስ ተካፈልን። በስተግራ ባሕሩ ታየን። እሳቸው ባሕሩን ጥቂት አዩና ፊታቸውን መለሱ።

«አንተ ያልከው ለጆሮ ጥሩ ነው» አሉ። «እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት አለ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ጉባኤው ላይ ቆሜ ነበር። የጦር መርከቦቹ ወደ ሩቅ ዘመቻ ይሂዱ አይሂዱ ሲባል። ሰባት ዓመት ቀዝፌአለሁ፤ ያን ባሕር አውቀዋለሁ። በዚያ ወር ንፋሱ ሲዞር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ተናጋሪዎቹ ግን ያማረ ያማረ ቃል ነበራቸው። እጅ ወጣ፤ መርከቦቹ ሄዱ። ከተመለሰው ያልተመለሰው በዛ። ከዚያ ወዲህ ከተማ አልወረድኩም።»

ይህ እውነት ነው። ከተማችን ተሳስታ ታውቃለች፤ ያንን ዓመት የሚክድ የአቴና ሰው የለም። እኔ ግን መልስ ነበረኝ፤ መልስ ደግሞ አፌ ላይ አያድርም።

«አዋጅ ነጋሪው ‹መናገር የሚሻ ማን ነው?› ብሎ አልጠየቀም?»

«ጠይቋል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። መቅዘፊያ የሠራው ጠባሳ እስካሁን አለ። «ይህን ይዤ? እሱ የጠየቀው አንደበት ያለውን ነው። እኔን አልጠየቀኝም።»

«የጠየቀው ሁሉን ነው! ከስድስት ሺህ ሰው መካከል ባሕሩን የሚያውቁት ዝም ካሉ ሸማኔው ምን ያድርግ? ከተማው ቢሳሳት ስሕተቱ ከዝምታዎም ነው።»

እውነቴን ነበር። ግን ቂጣቸውን ሳይጨርሱ ጠቅልለው ተነሱ። እውነት ሁሉ በየትኛውም ሰዓት አይነገርም፤ ይህን ተማሪዎቼን አስተምራለሁ፤ ራሴ ግን አልተማርኩትም።

የከተማው ቅጥር ከሩቅ ሲታይ ተቻኮልኩ። መንገዱ እያለቀ ነው፤ ሰውየው ከሐሳባቸው አልተነቃነቁም። ስለዚህ ሕጉን አወጣሁባቸው።

«አያ ሜላንቶስ፣ ፋንያስ ወደ ወይራው ተመልሶ በዚያው የሚያበቃ እንዳይመስልዎ። አባቱን አይጦርም የተባለ፣ ክሱም እውነት ነው የተባለ ሰው በጉባኤ አፉን መክፈት አይችልም። መቅደስ አይገባም። ሹመት እስኪሞት አያገኝም። በሕይወት ሳለ ከሰው ተራ ይወጣል።»

ቆሙ። «በዚህ ብቻ?»

«በዚህ ብቻ። ይህች ከተማ ለወላጅ የምትቀናውን ያህል ለማንም አትቀናም።»

በትራቸውን መሬት ላይ ደጋግመው ተከሉት። ልባቸው የፈራ መሰለኝ፤ ግን እልኸኛ ናቸው። «እንግዲያው እሱ ይፍራ። ፈርቶ ራሱ ይተወው» አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «እሱም እኮ መልስ አያጣም» አልኩ፤ «የጥንቱ ሕግ፣ ልጁን ሙያ ያላስተማረ አባት ‹ጡረኝ› ብሎ ማስገደድ አይችልም ይላል። ለመሆኑ ፋንያስን ወይራ መከርከም ያስተማረው ማን ነው?»

መልሱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሜላንቶስ ሰባት ዓመት በመርከብ ሲንከራተቱ ልጁን ያሳደገው፣ ሙያም ያስያዘው የእናቱ ወንድም ነው።

የሽማግሌውን ግራ ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ በእሱም ጭምር አዩኝ። «አጎቱ ነው» አሉ። ከዚያ እስከ ሸንጎው ቤት ደጃፍ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ። አባትን ከልጁ ጋር ላስታርቅ ተነስቼ፣ ልጁ አባቱን የሚወጋበትን ጦር ማን ይዞ መጣ ቢሉ እኔ ነኝ።

በሸንጎው ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። እኛ ከአጥሩ ውጭ፣ ተመልካች በሚቆምበት ቆምን። ፋንያስ ከሚመረመሩት ጋር ተሰልፏል፤ ከተማ ዘመድ ቤት አድሮ ቀድሞን ደርሷል። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ማንበብም መጻፍም የሚችል፣ ፀሐይ ያጠቆረው ረጅም ሰው። አባቱን ሲያይ ፊቱ በራ። ማለዳ እኔ ያሰብኩትን እሱም አሰበ፤ ለክብሩ የመጡለት መስሎታል። እጁን ወደ ደረቱ አድርጎ ጎንበስ አለላቸው። ሽማግሌው ወደ መሬት አዩ።

የዕለቱ የሸንጎ ሰብሳቢ አጭር፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። እጁ እስከ ክርኑ ቡናማ ቀለም ጠጥቷል፤ ሽታውም እኛ ዘንድ ደርሷል።

«ይህ ማን ነው?» አሉ አያ ሜላንቶስ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

«ሰብሳቢው ነው። ዕጣ ወጥቶለት ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት የከተማው ማኅተም በእጁ ነው።»

«ሥራውስ?»

«ቆዳ ፋቂ።»

«ይበለኝ» አሉ። «ከቤቴ ምን አወጣኝ።»

የፋንያስ ተራ ደረሰ። ቆዳ ፋቂው ጥያቄዎቹን ከሰሌዳ ሳያይ፣ እንደ ጸሎት በቃሉ አወጣቸው።

«አባትህ ማን ነው?»

«ሜላንቶስ፣ የፋንያስ ልጅ።» የወጣለት የአያቱ ስም ነው።

«እናትህስ? የእናትህ አባትስ?» መለሰ። «የግቢ ጠባቂው አምላክ የዜውስ መሠዊያ በቤትህ አለ?» «አለ» አለ ፋንያስ። «የአባቶችህ መቃብር የት ነው?»

«ከመንደራችን በላይ፣ ከገብሱ ማሳ ጥግ። አያቴ እዚያ ነው፤ በየዓመቱ ዘይት አፈስለታለሁ።»

አያ ሜላንቶስ አጠገቤ ትንፋሻቸውን ሲስቡ ሰማሁ።

«አባትህን ትጦራለህ ወይ?»

ሌሎቹ ሁሉ «እጦራለሁ» ብለው አልፈዋል። ፋንያስ ወደ አባቱ አየና «እጦራለሁ» አለ፤ «መጦሬ ይበቃል አይበቃም የሚለውን ግን የሚያውቀው አባቴ ነው።»

ወታደር ሆኖ መዝመቱን፣ ግብር መክፈሉን ተጠየቀ። እኔም ተጠርቼ መሰከርኩ፤ ካዘጋጀሁት ሃያ ቃል አንዱም አልመጣልኝ፤ «እውነቱን ነው» ብዬ ወረድኩ። አዋጅ ነጋሪው ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«የሜላንቶስን ልጅ ፋንያስን የሚከስ አለ?»

በትሩ የአጥሩን እንጨት መታ። «እኔ አለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። መንገድ ለቀቁላቸውና ገብተው መሐል ላይ ቆሙ። ጫማቸው የመንገዱን አቧራ እንደያዘ ነው። «ስሜ ሜላንቶስ ነው፤ የፋንያስ ልጅ። የዚህ ሰው አባት ነኝ» አሉ። «ልጄ አይጦረኝም።»

ፋንያስ ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ አየሁት። ሸንጎው ተንጫጫ። ከፊት ከተቀመጡት አንዱ፣ ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ የሚመስል ቀጭን ሰው፣ ተነሳ።

«የመንደሩን ነገር ጥቂት ሰምቻለሁ። አንተ ፋንያስ፣ ራስህን አድን። አባትህ ሙያ አስተምሮሃል? ካላስተማረህ ሕጉ ነፃ ያወጣሃል፤ ክሱም ይወድቃል። አንዲት ቃል ናት፤ ተናገራት።»

 አንዲት ቃል ነበረች፤ እውነትም ነበረች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሙያ ያስያዘኝ አጎቴ ነው» አለ ፋንያስ። «ያኔ አባቴ ቤት አልነበረም። የት ነበር ብትሉኝ፣ የእናንተን መርከብ ሲቀዝፍ ነበር። ሰባት ዓመት ወስዳችሁት ነው ሳያስተምረኝ የቀረው። ስለዚህ ያ ሕግ ዕዳው የማን እንደሆነ አይነግረኝም፤ እኔም ልድንበት አልፈልግም። አባቴ አይጦረኝም ካለ፣ የጎደለበት ነገር ኖሮ ነው። ወደ መንደሬ እመለሳለሁ።»

ቀጭኑ ሰውዬ ተቀመጠ። አያ ሜላንቶስ አፋቸውን ከፍተው ልጃቸውን ይመለከቱ ነበር። ይህን ሲናገር ሰምተውት አያውቁም፤ ወንዶቻችን በቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይነጋገሩምና፣ ሊናገሩት አምስት መቶ ሰው ፊት መቆም ግድ ሆነባቸው።

ያን ጊዜ ቆዳ ፋቂው ከወንበሩ ወርዶ ወደ ሽማግሌው ቀረበ።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እዚህ ማንም አያስቸኩልዎትም። የሚፈሩት ምንድን ነው?»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ፤ ጥያቄው ለሌላ ሰው የተላከ ይመስል። ሲመልሱም ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ የኋለኛው ረድፍ አንገቱን አስግጎ ነው የሰማው።

«ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ይህ ልጅ ዓመት ሙሉ እዚህ ሊያድር ነው። ዓይኔን የሚከድነኝ ማን ነው? ሲጦረኝ ኖሮ ሳይቀብረኝ ቢቀርስ?» ወደ ልጃቸው አዩና ቀጠሉ። «አባቴ ሲሞት እኔ ባሕር ላይ ነበርኩ። ሌላ ሰው ነው የቀበረው። አሁን አንተ ስለ መቃብሩ ስትጠይቀው... እኔ እዚያ አልነበርኩም።»

«ዓመት ሙሉ ያድራል ያለዎት ማን ነው?» አለ ቆዳ ፋቂው።

«ሹም አይደለም እንዴ?»

ከወዲያ ሳቅ ሊነሳ ሲል ሰብሳቢው ቡናማ እጁን አነሳ፤ ሳቁ እዚያው ቀረ።

«አይደለም፣ አባቴ። አሥር ነገድ ነን። እያንዳንዱ ነገድ የዓመቱን አንድ አሥረኛ በተራው ይይዛል፤ ሠላሳ ስድስት ቀን ቢሆን ነው። እዚህ እንዲያድር የሚጠየቀው በዚያን ጊዜ ነው፤ ያም ሁሉም ሌሊት አይደለም። የቀረውን ስብሰባ ሲኖር መጥቶ ውሎ ይገባል። እኔ ትናንት ቆዳዬን ስፍቅ ነው የዋልኩት፤ ነገም እፍቃለሁ። መንደርዎ ሩቅ ነው?»

«የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።»

«እንግዲያው ቢጠራ ሳይመሽ ይደርሳል። አባቱ ታሞበት ከሸንጎ የቀረን ሰው ለምን ቀረህ ያለ ሰብሳቢ እኔ አላየሁም። ዛሬ ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ እኔም አልልም።»

አሁን እውነቱን ልናገር። ይህን ሁሉ እኔ አውቅ ነበር። ሠላሳ ስድስቱን ቀን ልጆቹን በሰም ሰሌዳ ላይ አጽፌአቸዋለሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ፍየል፣ ስለ ምንጭ፣ ስለ ሕግ ስለፈልፍ፣ ምን ይፈራሉ የሚለውን ሁለት ቃል ግን አንድ ጊዜ አልጠየቅኳቸውም። ከተማዬን ሳወድስ ከተማዬ የቆመችበትን ነገር ረሳሁት፤ ሥራዋ መጠየቅ ነው፤ እኔ ግን ስናገር ዋልኩ።

ሽማግሌው በበትራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ያ መምህር ከማለዳ ጀምሮ ሲያወራኝ ይህን አልነገረኝም» አሉ። አምስት መቶው ሳቀብኝ። ይገባኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ።

«ልጄ፣ ስማኝ። በአያቴ ጊዜ ትልቁ ቤት ብዙ ይጠይቀን ነበር። ገብሱ ስንት ሆነ፣ ዘይቱ ስንት ማሰሮ ሞላ ይለን ነበር። አባትህ በልቷል ወይ ብሎን ግን አያውቅም። እናንተ ሹም ልትሆን ነው ያላችሁትን ሰው ፈረስ አለህ ወይ አላላችሁትም። የአባቶችህ መቃብር የት ነው፣ አባትህን ትጦራለህ ወይ አላችሁት። እኔ ሹመት ልጅን ከአባቱ የሚነጥቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። አባቱን ያልያዘ በደጃችሁ እንደማያልፍ አላወቅኩም። እንግዲህ ሽማግሌ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ ማለት አያሳፍረኝም። ክሴን አንስቻለሁ።»

«ክሱን ካነሱ» አለ ቆዳ ፋቂው፤ «ምስክር ይሆናሉ?»

«እሆናለሁ። ባለፈው ክረምት አዝሎ ነው ያወጣኝ። ሲያስገባኝ ደግሞ በሩ ጭንቅላቴን እንዳይመታኝ ጎንበስ ይል ነበር። ይጦረኛል። መዝግቡልኝ።»

ፋንያስ ፊቱን በካባው ጫፍ ሸፈነ።

እጅ ይነሳ ተባለ፤ ተነሳ። የቀጭኑ ሰውዬ እጅም ተነስቷል። አያ ሜላንቶስ ግን መሐል ላይ ቆመው አልወጡም። «አንድ ነገር ቀረ» አሉ ሰብሳቢውን። «አንተን ይህን የጠየቀህ አለ? አባትህ በሕይወት አለ?»

«ሞቷል። እሱም ፋቂ ነበር። አምና እዚህ ስቆም መቃብሩን ተጠየቅኩ።»

«የት ነው?»

«ከበሩ ውጭ፣ ከመንገዱ በስተግራ።»

«አንተ ቀበርከው?»

«በእጄ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ያንን ቡናማ እጅ ጨበጡ። ማለዳ ፈረስ የሌለው ሹም የማይጥማቸው ሰው፣ ያን ሽታ ይዘው ሳይታጠቡ መንደራቸው ገቡ።

አንባቢዬ ሆይ፣ በመንገድ ላይ ያልኳቸውን ሁሉ ዛሬም አምናለሁ። ሥልጣን ተራ ሲሆን ሰው ለሰው ይጠነቀቃል። ሲገባና ሲወጣ የሚጠየቅ ሹም እጁን ይሰበስባል። ፍርድ ከአንድ ቤት ወጥቶ የሕዝብ ሲሆን ምንጭ ለሁሉ ይፈስሳል። ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ለአንድ ሽማግሌ በንግግር ሊገባቸው አልቻለም። የገባቸው፣ ከተማው ፊታቸው ቆሞ ምን ይፈራሉ ባላቸው ጊዜ ነው። ሰው የጠየቀችውን አገር የኔ ናት ይላል። ስለዚህ ጎረቤቱን ወደ አዲስ ነገር ሊስብ የሚሻ ሁሉ ከማስተማሩ በፊት ይጠይቅ። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለራሴ ነው።

ፋንያስ ዓመቱን በሸንጎው በደንብ አገለገለ፤ ወይራውም አልተጎዳም። አባቱም ከዚያ ወዲህ ጉባኤ አይቀሩም ነበር። ሁለት ጊዜ ተነስተው ተናግረዋል፤ አንዱን ረቱ፣ በአንዱ ተረቱ፤ ሲረቱ ከተማውን አመሰገኑ፣ ሲሸነፉ ተናጋሪውን ሰደቡ። ዜግነት ይህ ነው።

በዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ግን፣ አባትና ልጅ ጎን ለጎን፣ እኔም ከኋላቸው ሆነን መንደር ስንገባ፣ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ሰው በደጁ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ክሱ እንዴት ሆነ፣ ማን ረታ አሏቸው። ሽማግሌው በትራቸውን ለልጃቸው አቀበሉና በትከሻው ተደግፈው ቆሙ።

«የከሰስኩ እኔ» አሉ፤ «የረታው ልጄ፤ የተካስኩትም እኔ።»